ማባዛትን በጨዋታ፦ ቆርኪ፣ ካርታና እንቆቅልሽ ይዘን

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ተቀምጠን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «7 ጊዜ 8 ስንት ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ሁለት እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስትነካ አየኋት። እየቆጠረች ነው። እየቆጠረች እንደሆነ እንዳላውቅባት ደግሞ ትደብቃለች። ያ መደበቋ አንጀቴን በላው።

በጣት መቁጠር ነውር አይደለም። ሁላችንም የጀመርነው ከዚያ ነው። ችግሩ ሒሳቡ ሲረዝም ነው የሚመጣው። 347ን በ8 የምታባዛ ልጅ «8 ጊዜ 7፣ 56፤ 6 ጽፌ 5 በእጅ» ማለት አለባት። 56 ላይ ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ ከቆጠረች፣ በእጅ የያዘችውም ይጠፋል፣ የት እንደደረሰችም ይጠፋታል። ከዚያ «ሒሳብ አይገባኝም» ትላለች። ሒሳቡ ግን ገብቷታል። የቸገራት 7 ጊዜ 8 ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ደብተር ጀርባ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ማስሸምደድ ተውኩ። በረንዳችን ላይ ከእሷና ከጎረቤት ልጆች ጋር መጫወት ጀመርን። ከዚህ በታች ያለው እኛ ጋ የሠራው ነው። አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ጨዋታው ልጁ መልሱን ከራሱ ጭንቅላት እንዲያወጣ ማድረግ አለበት። መልሱን እያየ የሚጫወተው ጨዋታ ያዝናናዋል እንጂ አያስይዘውም።

መጀመሪያ የጎደለውን ለዩ

ከ1 እስከ 10 ያለው ሠንጠረዥ 100 ጥያቄ አለው። ልጅ ይህን ሁሉ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ አብራችሁት ተቀመጡና ሠንጠረዡን አሳንሱት። 3 ጊዜ 4 እና 4 ጊዜ 3 አንድ ናቸው። ይህን ብቻ ሲያውቅ 100ው ወደ 55 ይወርዳል። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ማባዣ ብዙ አያስቸግርም፤ 2 ራሱን መደመር ነው፣ 5ን ከግድግዳ ሰዓት ደቂቃ ላይ ይማረዋል። እነሱ ሲወጡ 21 ይቀራሉ።

የ9 ማባዣ ደግሞ በጣት ይሠራል። አሥር ጣቱን ከፊቱ ይዘርጋ። 9 ጊዜ 4 ከሆነ ከግራ አራተኛውን ጣት ይጠፍ። ከታጠፈው በግራ 3 ጣት፣ በቀኝ 6 ጣት አለ፤ 36። ልጆች ይህን ሲያዩ ደስታቸው ልዩ ነው። የ9 ወጣ ማለት ነው።

የቀሩት 15 ናቸው፦ 3 ጊዜ 3፣ 3 ጊዜ 4፣ 3 ጊዜ 6፣ 3 ጊዜ 7፣ 3 ጊዜ 8፣ 4 ጊዜ 4፣ 4 ጊዜ 6፣ 4 ጊዜ 7፣ 4 ጊዜ 8፣ 6 ጊዜ 6፣ 6 ጊዜ 7፣ 6 ጊዜ 8፣ 7 ጊዜ 7፣ 7 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 8።

የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን ቁረጡና በአሥራ አምስት ካርድ ጻፏቸው። ጥያቄው በፊት፣ መልሱ በጀርባ። ከዚያ አንድ በአንድ አሳዩት። ወዲያው የመለሰውን አንድ ጋ፣ አስቦ ወይም ቆጥሮ የመለሰውን ሌላ ጋ፣ ጭራሽ የማያውቀውን ለብቻ። ልጄ ከአሥራ አምስቱ ስድስቱን ታውቅ ነበር። እሷ ግን ምንም የማታውቅ ነበር የሚመስላት። ዘጠኝ ካርድ ብቻ እንደቀራት ስታይ «በቃ ይቺ ናት?» አለችኝ።

መልሱ ከየት እንደመጣ በእጁ ይንካው

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሳይገባው በቃሉ የያዘ ልጅ አንዱን ከረሳ መመለሻ መንገድ የለውም።

የእንቁላል ትሪ ፈልጉ። ሠላሳ ጉድጓድ ያለው፣ በአንድ በኩል 5፣ በሌላው 6 ነው። ቆርኪ ወይም ባቄላ እየጨመረ ይሙላው። 5 ረድፍ፣ በየረድፉ 6። ትሪውን አዙሩለት። አሁን 6 ረድፍ፣ በየረድፉ 5። የቆርኪው ብዛት ግን ያው 30 ነው። በቃል ስትነግሩት የማይገባው ነገር ትሪው ሲዞር ይገባዋል። የለስላሳ ሳጥንም ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ሃያ አራት ጠርሙስ በ4 እና በ6 ተደርድሮ ይይዛል።

ገበያ ስትሄዱም ይዛችሁት ውጡ። ሎሚ በመደብ ነው የሚሸጠው። አንድ መደብ 4 ሎሚ ከሆነ 6 መደብ ስንት ነው? እሱ ይቁጠር፤ ባለመደቧ እስክትቋጥር ድረስ ጊዜ አለ።

ለታናናሾቹ፦ መደመር ይቅደም

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ማባዛት አይጀምር። ለእሱ ትልቁ ነገር አሥር የሚሞሉትን ጥንዶች ማወቅ ነው፦ 1 እና 9፣ 2 እና 8፣ 3 እና 7፣ 4 እና 6፣ 5 እና 5።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያግዘናል። «አሥራ አምስት» ስንል አሥርና አምስት እያልን ነው። 9 ሲደመር 6 ሲባል ከ6ቱ 1 ወስዶ ለ9 ይስጠው፤ አሥር ሞላ፣ 5 ተረፈ። አሥራ አምስት። መልሱ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ለልጅ ስታሳዩት ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ።

የሚጫወቱት «አሥር ስጠኝ» ነው። ተራ የካርታ መጫወቻ ውሰዱ። አሥሮቹን፣ ጃኮቹን፣ ንግሥቶቹንና ንጉሦቹን አውጡ። አሱ 1 ይሆናል። 36 ካርታ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ልጅ 5 ካርታ ስጡ፣ የቀረውን መሐል ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። 7 የያዘ ልጅ ጓደኛውን «3 አለህ?» ይለዋል። ካለው ወስዶ ጥንዱን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ከሌለው ከመሐል ይስባል። ብዙ ጥንድ የሰበሰበ ያሸንፋል። ልጁ «3 አለህ?» ለማለት 7 ምን እንደሚጎድላት ማሰብ አለበት። ሥራው ያ ነው።

ትምህርት ቤት ላልገቡት ደግሞ ካርቶን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር 10 ቤት ሥሩና ከ1 እስከ 10 ጻፉበት። አንድ ወይም ሁለት የሚያወጣ ዕጣ እየሳቡ ቆርኪ ያስኬዳሉ። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን ጨዋታ ያየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል ተጫውተው የቁጥር እውቀታቸው አደገ። በቁጥር ፋንታ ቀለም ብቻ ባለበት መንገድ የተጫወቱት ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ቁጥሩን መጻፍ አትርሱ። ልጁም ሲሄድ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ከመጀመሪያው አይቁጠር። 4 ላይ ቆሞ ሁለት ከወጣለት «አምስት፣ ስድስት» እያለ የረገጠውን ቁጥር ይጥራ።

እንቆቅልሽ፣ ከሁሉም የምወደው

ይህ ምንም ዕቃ አይፈልግም። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ነው የሚደምቀው።

15ቱ ካርዶች ላይ ያሉት ቁጥሮች አምስት ብቻ ናቸው፦ 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8። ለእያንዳንዳቸው ልጆች የሚያውቁት አንድ ነገር ስጧቸው። 3 የባጃጅ ጎማ ነው። 4 የላም እግር። 6 የጉንዳን እግር። 7 የሳምንት ቀን። 8 የሸረሪት እግር። ከዚያ እንደ ድሮው መጠየቅ ነው፦

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ሰባት ጉንዳኖች ቤታችን ገቡ። ስንት እግር ገባ?»

ካወቀ «አርባ ሁለት!» ይላል፣ ተራው የእሱ ይሆናል። ካላወቀ ጠያቂዋ «ሀገር ስጠኝ» ትላለች። እዚህ እኛ ሀገሮቹን በጣና ዙሪያ አደረግናቸው። ዘጌ፣ ደቅ፣ ጎርጎራ፣ ቁንዝላ፣ ጢስ ዓባይ። «ዘጌን ሰጠሁሽ» ሲላት እሷ ትቀጥላለች፦ «ዘጌ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ቡናውን ጠጥቼ፣ በታንኳ ተመልሼ፤ ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት!» ሀገር የሰጠውም «ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት» ብሎ ይደግመዋል።

በድሮው እንቆቅልሽ ሀገር የተሰጠው ሰው ያላወቀውን ይሰድበዋል። እኛ ስድቡን አወጣነው። ሒሳብ ያላወቀ ልጅ የሚሰደብበት ጨዋታ እንዲኖር አልፈልግም። በስድቡ ቦታ ቡናውን፣ ዓሣውን፣ ታንኳውን አስገባን። ልጆቹ ራሳቸው እየጨመሩበት አሁን ጎርጎራ ለመግባት ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ግጥም አለን።

ጥቅሙን ልንገራችሁ። ጠያቂው ልጅ ጥያቄውን ከመጠየቁ በፊት መልሱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ የሚጠይቀውም የሚመልሰውም እኩል ይሠራል። የጎረቤታችን ልጅ 8 ጊዜ 7ን የያዘው ሲጠየቅ አይደለም፤ እኔን ለማሸነፍ «ስምንት እግር ያላቸው ሰባት ሸረሪቶች» የሚለውን ሲያዘጋጅ ነው።

ሌሎቹ ጨዋታዎች

ካርታ ለሁለት። ከአስ እስከ 9 ያሉትን ካርታዎች እኩል ተካፈሉ። እያንዳንዱ በተራው ሁለት ካርታ ይገልጣልና አባዝቶ መልሱን ይናገራል። 6 እና 8 ከወጣለት «አርባ ስምንት»። ትልቅ ቁጥር ያገኘ አራቱንም ካርታ ይወስዳል። መልሱን ከተሳሳተ ትክክለኛው ይነገረዋል፣ እሱም ይደግመዋል፣ ካርታዎቹ ግን ወደ ሌላው ይሄዳሉ። መጀመሪያ የተናገረ ያሸንፋል የሚለውን ሕግ ሞክረነው ነበር። ተውነው። ፈጣኑ ልጅ ሁሉንም ወሰደ፣ ዝግ ያለችው ልጅ ማሰብ አቆመች። በዚህኛው ሁለቱም የየራሳቸውን ያባዛሉ፣ ማሸነፉን ዕድል ነው የሚወስነው።

ገበጣ። መጫወቻው ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ከእንቁላል ትሪው 6 ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቁረጡ። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ሕጉ እንደየሰፈሩ ይለያያል፣ እናንተ እንደምታውቁት ተጫወቱ። የምንጨምረው ሁለት ነገር ነው። ሳይጀመር «በእኔ በኩል 6 ጊዜ 4፣ 24» ይባላል። ሲያልቅ ደግሞ የተበላው ጠጠር አራት አራት ይከመራል፤ «7 አራት ስንት ነው?» ሳይመልሱ ጠጠር አይነሳም።

ሰኞ ማክሰኞ። አሥር ቤት በጠመኔ ወይም በከሰል ሥሩ። ቁጥር አትጻፉበት። ልጁ «የ7» ይልና እየዘለለ 7፣ 14፣ 21 እያለ እስከ 70 ይሄዳል። ሲመለስ ከ70 ወደ ታች ይቆጥራል። ወደ ታች የሚቆጥረው ከባድ ነው፤ መሐል ቢቆም አትጩኹበት፣ አስቦ ይዝለል።

ታርጋ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በዘንባባው ጥላ እየሄዳችሁ የምታደርጉት ነው። የሚያልፈውን ባጃጅ ታርጋ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ማባዛት። እግረኛ መንገድ ላይ ሆናችሁ ብቻ፣ እጁን ይዛችሁ።

በቀን ስንት ደቂቃ?

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። እሁድ አንድ ሰዓት ከመጫወት በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየያዘ ራሱን ፈትኖ ያገኘውን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አዲስ የያዝነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በየተወሰነ ጊዜ የከለስነው ግን ይቆያል። ልጁ ትናንት ያወቀውን ዛሬ ቢረሳው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሁላችንም ጭንቅላት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጣሳ አዘጋጁ። ያንን 15 ካርድ የምናኖርበት እዚህ ነው። ገና ያልተያዙት የመጀመሪያው ጣሳ ውስጥ ናቸው፤ በየቀኑ ይወጣሉ። ልጁ ሳይቆጥር የመለሰው ካርድ ወደ ሁለተኛው ጣሳ ያልፋል፤ እሱ በሁለት ቀን አንዴ ይታያል። እዚያም ከመለሰው ወደ ሦስተኛው ይገባል፤ በሳምንት አንዴ፣ እኛ ቅዳሜ እናየዋለን። የተረሳ ካርድ ከየትኛውም ጣሳ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርዱን ልጁ ራሱ በእጁ ያሻግረው። ካርዱ ጣሳው ውስጥ ጠብ ሲል የሚሰማው ድምፅ ከእኔ «ጎበዝ» የበለጠ ልጄን ደስ ይላታል።

በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አዲስ ካርድ አታስገቡ። 6 ጊዜ 8 እና 7 ጊዜ 8ን በአንድ ቀን አታስጀምሩ፤ 48 እና 56 ይምታቱባቸዋል። ጨዋታውንም ልጁ ገና «አንዴ እንድገም» እያለ አቁሙት፤ ነገ ራሱ ይጠራችኋል።

ሲሳሳት

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሠንጠረዡን ያልያዘ ልጅ ጣቶቹን ሰብስቦ ጫፋቸው ላይ በማስመሪያ ይመታ ነበር። እስከ ዛሬ 6 ጊዜ 8 ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ማስመሪያው ነው፣ 48 ከዚያ በኋላ ነው። የፈራ ልጅ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለሚመጣበት ነገር ነው የሚያስበው።

ልጁ ሲሳሳት «አይደለም» ብላችሁ አትቁሙ። መልሱን ወዲያው ንገሩት። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ይድገመው፤ «56» ብቻ ሳይሆን «ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት»። ሁለት ሦስት ሌላ ካርድ ካለፈ በኋላ ያንኑ ካርድ መልሳችሁ ጠይቁት። አሁን ይመልሰዋል፤ የመጨረሻ ትዝታው መሳሳቱ ሳይሆን መመለሱ ይሆናል።

ጨርሶ ከጠፋው የሚያውቀው ጋ ውሰዱት። 6 ጊዜ 7 ጠፋው? 5 ጊዜ 7ን ያውቃል፤ 35። አንድ 7 ይጨመርበት፤ 42። 4 ጊዜ 8 ጠፋው? 2 ጊዜ 8፣ 16፤ እጥፉ 32። ይህ መንገድ ትንሽ ይዘገያል፤ ልጁ ግን ባዶ እጁን አይቀርም።

ሰዓት አትያዙበት። ወንድምና እህትንም አታወዳድሩ። ማወዳደር ካስፈለገ የልጁን የዛሬ ጣሳ ከራሱ ያለፈ ሳምንት ጣሳ ጋር ነው።

ጣሳው ሲሞላ

አብዛኛው ካርድ ሦስተኛው ጣሳ ውስጥ ከገባ ወደ ማካፈል እለፉ። አዲስ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ካርቶን በሦስት ማዕዘን ቁረጡና በሦስቱ ጥግ 6፣ 7 እና 42 ጻፉ። 42ን በአውራ ጣታችሁ ስትሸፍኑት ጥያቄው ማባዛት ነው። 7ን ስትሸፍኑት 42 ለ6 ሲካፈል ስንት ነው ማለት ነው። እንደገና በተራ ሸፋኙ ልጁ ይሁን፣ መላሹ እናንተ።

ልጄ ይህን ካርድ ይዛ ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ዋርካ ሄድን። አንዱን ጥግ ሸፍና ወደ እኔ ዘረጋችው። የሚታዩት 7 እና 56 ነበሩ። ሁለቱም እጆቿ ከፊት ለፊቴ ናቸው፤ አንዱ ካርዱን ይዟል፣ ሌላው ሎሚ።

«እንቆቅልሽ!» አለችኝ።